ላፕቶፑ «ፈጠነ» አለ፣ ፓዩ «አልፈጠነም» አለ፤ የቱን ልመን?

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦

«ጋሼ፣ እዚህ ጎንደር ለጥቂት ፋርማሲዎች የመድኃኒት ክምችት መመዝገቢያ ሠርተናል። በጎላንግ የፕሮግራም ቋንቋ ነው የተጻፈው፣ ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ነው። እያንዳንዱ ፋርማሲ ውስጥ አንድ ራስበሪ ፓይ 5 (ትንሽዬዋ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር) እንደ ሰርቨር ተቀምጧል። ከጎላንግ 1.25 ወደ 1.26 ለመሸጋገር አስበን አዲሱ ጋርቤጅ ኮሌክተር (ፕሮግራሙ የማይፈልገውን ሚሞሪ እየለቀመ የሚያስለቅቀው ክፍል) ምን ያህል እንደሚጠቅመን ለካሁ። ላፕቶፔ ላይ (11ኛ ትውልድ ኢንቴል አይ5 ነው) 14 በመቶ ፈጠነ። ፓዩ ላይ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አንዴ 3 በመቶ ፈጠነ፣ አንዴ 6 በመቶ ዘገየ፣ አንዴ ምንም ለውጥ የለም። የቱን ልመን? የሁለቱን ማሽኖች አማካይ ልውሰድ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አማካይ አትውሰጂ። የላፕቶፕና የፓይ አማካይ የየትኛውም ማሽን ቁጥር አይደለም። ፋርማሲው ውስጥ የተቀመጠው ፓይ ነው፤ ግማሹ ላፕቶፕ አይሆንም።

«የቱን ልመን» ላልሽው ደግሞ፣ ለጊዜው የቱንም። የላፕቶፑ ቁጥር ሒሳቡ አልገጠመም። የፓዩ ገና ቁጥር አልሆነም፣ ወሬ ነው። ለየብቻ እንያቸው።

ሒሳቡን በብር እናስበው። ሰርቨርሽ 100 ብር የሚያህል የፕሮሰሰር ጊዜ ያወጣል እንበል። ከዚያ ውስጥ ኮሌክተሩ 10 ብር ይወስዳል። አዲሱ ኮሌክተር ግሪን ቲ ይባላል፤ 1.25 ላይ ለሞካሪዎች ወጥቶ 1.26 ላይ መደበኛ ሆነ። ሠሪዎቹ የሚሉት፣ ኮሌክተሩን አብዝተው በሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ላይ ወጪው ከ10 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል ነው። የሚቀንሰው የኮሌክተሩ ወጪ ነው እንጂ የፕሮግራምሽ አይደለም። ስለዚህ ከ10 ብሩ ላይ በጥሩ ቀን 4 ብር ታተርፊያለሽ። ከመቶው ስታስቢው 4 በመቶ ነው። በዚሁ ስሌት 14 ብር ከኮሌክተሩ ብቻ ለማትረፍ፣ ኮሌክተሩ መጀመሪያውኑ 35 ብር ይበላ ነበር ማለት ነው። የመድኃኒት ስም፣ ብዛትና የማብቂያ ቀን የሚመዘግብ ሰርቨር ከሲሶ በላይ ጊዜውን ቆሻሻ ሲለቅም ያሳልፋል ብዬ አላምንም። የሚያሳልፍ ከሆነም መታየት ያለበት ኮሌክተሩ ሳይሆን ኮድሽ ነው።

ታዲያ 14ቱ ከየት መጣ? 1.26 ኮሌክተር ብቻ ይዞ አልመጣም። ከ512 ባይት በታች ለሆኑ ትንንሽ ኦብጀክቶች (ፕሮግራሙ ሚሞሪ ውስጥ ለሚይዛቸው የዳታ ቁራጮች) ሚሞሪ የሚሰጥበትን መንገድ ቀይሯል፤ ይህ ወጪ እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል ተብሏል። ከጎላንግ ወደ ሲ ቋንቋ ኮድ የመሻገሪያው ዋጋም በ30 በመቶ ገደማ ረክሷል። ይቺ ሁለተኛዋ ላንቺ ትልቅ ናት። ኤስኪውላይት በሲ የተጻፈ ነው። ጎላንግን ከኤስኪውላይት የሚያገናኘው፣ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ድራይቨር ደግሞ ዳታውን ረድፍ በረድፍ ድንበር እየተሻገረ ነው የሚያመጣው። ሺህ መድኃኒት ስትዘረዝሪ ቢያንስ ሺህ ጊዜ ትሻገሪያለሽ። በዚያ ድራይቨር የምትሠሪ ከሆነ፣ ያየሽው ፍጥነት ብዙው ከድንበሩ የመጣ ሊሆን ይችላል። ኮሌክተሩ ባልሠራው ሥራ እየተመሰገነ ነው።

ስለዚህ 1.25ን ከ1.26 ጋር አታወዳድሪ። 1.26ን ከ1.26 ጋር አወዳድሪ። 1.26 ሲገነባ ግሪን ቲን የሚያጠፋ የሙከራ ምርጫ አለው። 1.27 ላይ ይነሳል ተብሎ ስለሚጠበቅ አሁኑኑ ተጠቀሚበት። ከአንድ ኮድ ሁለት ፋይል ታወጪያለሽ፣ ልዩነታቸው ኮሌክተሩ ብቻ ይሆናል። «መሸጋገር ያዋጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ግን የ1.25 እና የ1.26 ሙሉ ልዩነትም መልስ ነው። ብቻ ምስጋናውን ለአንዱ ጠቅልለሽ አትስጪ።

ከዚህም በፊት አንድ ነገር። ጎላንግ ኮሌክተሩ በሠራ ቁጥር አንድ መስመር እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል፤ ጂሲትሬስ ይባላል። መስመሩ ላይ ፕሮግራሙ ከተነሳ ጀምሮ ኮሌክተሩ ስንት በመቶ ጊዜ እንደወሰደ ይነበባል። ይህችን ቁጥር ከእውነተኛው ፋርማሲ፣ ከእውነተኛ የሥራ ቀን አምጪ። 2 በመቶ ካለች የቀረውን ለጨዋታ ያህል ነው የምታነቢው። ቢበዛ የምታገኚው ከ1 በመቶ አይዘልም፣ ያንን ደግሞ በፓይ ላይ ለመለየት የጻድቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው እንሂድ። አንድ ዓይነት ኮድ ሁለት ማሽን ላይ ለምን ሁለት ዓይነት ይሆናል?

የዕድር ገንዘብ ሰብሳቢ አስቢ። የጎንደርን ዳገት ታውቂዋለሽ። ሰብሳቢው የስም ዝርዝር ይዞ ይወጣል። የድሮው ኮሌክተር በዝርዝሩ ተራ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያዋ ማራኪ፣ ሁለተኛው አዘዞ፣ ሦስተኛው ፒያሳ፣ አራተኛዋ ተመልሶ ማራኪ። እሷ ቤት ሲደርስ ደግሞ «እገሌንም እንዳትረሳ» ትለዋለች፣ እገሌ ቁስቋም ነው ያለው። ኮሌክተሩም እንዲሁ ከአንድ ኦብጀክት ወደ ሌላው የሚያመለክተውን ፖይንተር እየተከተለ፣ በሕይወት ያለውን ሁሉ ምልክት ያደርግበታል። ምልክት ያልተደረገበት ቆሻሻ ነው። የጎላንግ ሰዎች እንደሚሉት ከኮሌክተሩ ወጪ 90 በመቶ ገደማው ያለው እዚሁ ምልክት ማድረጉ ላይ ነው። ከዚያም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 35 በመቶው፣ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ሚሞሪ እስኪመጣለት የሚጠብቅበት ነው። ዳገቱ እሱ ነው።

ግሪን ቲ ዝርዝሩን በሰፈር ይከፍለዋል። ሰፈር የምለው 8 ኪሎባይት የሆነ የጎላንግ የራሱ የሚሞሪ ገጽ ነው። የማራኪ ሰው ስም ሲሰማ ተነስቶ አይሮጥም፣ የማራኪ ደብተር ላይ ጽፎ ያቆየዋል። ተራው ሲደርስ አንዴ ወጥቶ የተጻፉትን በሙሉ ያዳርሳል። ሰፈሩ ብዙ ስም ካጠራቀመ ትርፉ ትልቅ ነው። እያንዳንዱ ሰፈር አንድ አንድ ሰው ብቻ ካለው ግን ደብተር ማገላበጡ ራሱ ተጨማሪ ሥራ ይሆናል። ይህንን ሠሪዎቹም አልደበቁም። (ስሙ የመጣው ከሠሪዎቹ አንዱ የመጀመሪያውን ሙከራ ጃፓን ውስጥ ካፌ ለካፌ እየዞረ ማቻ የሚባለውን አረንጓዴ ሻይ ሲጠጣ ስለጻፈው ነው። እዚህ ተጽፎ ቢሆን «በረካ» ይባል ነበር።)

አሁን ሁለቱን ማሽኖችሽን እዚህ ላይ አምጫቸው። 11ኛ ትውልድ አይ5 ቢያንስ 8 ሜጋባይት የጋራ ካሽ አለው። ካሽ ስል ገንዘቡን አይደለም፣ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለውን ፈጣን ሚሞሪ ነው። ፓይ 5 የጋራው 2 ሜጋባይት ነው፣ ለእያንዳንዱ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው ለሚሠራ ክፍል) ደግሞ 512 ኪሎባይት። ሰርቨርሽ በሕይወት የሚያቆየው ዳታ 5 ሜጋባይት ነው እንበል። ላፕቶፑ ላይ የዕድሩ አባላት በሙሉ አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው። በስም ተራ ሄደ፣ በሰፈር ሄደ፣ ብዙ አይለይም። ፓዩ ላይ ግን ከግማሽ የሚበልጠው ዳገት ማዶ ነው። በዚህ በኩል ብቻ ብናየው ግሪን ቲ ይበልጥ መጥቀም የነበረበት ፓዩን ነው። አንቺ ያገኘሽው ተቃራኒውን ነው። ይህ ነገር ጠርጥሪ ይላል።

የላፕቶፑ ጥቅም ከሌላ በር ሊገባ ይችላል። 1.26 ላይ ኮሌክተሩ ኤቪኤክስ-512 የሚባሉ ሰፋፊ መመሪያዎችን መጠቀም ጀምሯል። በአንድ ጊዜ 512 ቢት ያነሳሉ። 8 ኪሎባይት ገጽ ውስጥ 8 ባይት የሚያህሉ 1,024 ቦታዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ቦታ «ፖይንተር ነው ወይስ አይደለም?» የሚል አንድ ቢት ቢያዝ፣ የገጹ ዝርዝር በሙሉ ሁለት ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ ሲሠራ በእጁ የሚይዝበት ቦታ) ውስጥ ይገባል። ሰብሳቢው በር ለበር ማንኳኳቱን ትቶ ሰፈሩን በድምፅ ማጉያ እንደመጥራት ነው። ሠሪዎቹ ከዚህ ተጨማሪ 10 በመቶ ገደማ የኮሌክተር ወጪ ይቀንሳል ብለው ይጠብቃሉ። ይህ ግን የሚሠራው ከኢንቴል አይስ ሌክ ወይም ከኤኤምዲ ዜን 4 ጀምሮ ባሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ነው። የአንቺ 11ኛ ትውልድ አለው። አስቂኙ ነገር፣ ኢንቴል ከ12ኛው ትውልድ ጀምሮ ከተራ ላፕቶፖች ላይ ይህንን አንስቶታል። ነገ አዲስ ላፕቶፕ ገዝተሽ ብትለኪው ትርፉ ሊያንስ ይችላል። ፓዩ ደግሞ አርም የሚባል ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ስላለው ድምፅ ማጉያው አልደረሰውም፤ በር ለበር ነው የሚሄደው።

ስለዚህ የለካሽው አንድ ለውጥ አይደለም። ላፕቶፑ ላይ አንድ ለውጥ፣ ፓዩ ላይ ሌላ ለውጥ ነው። ስማቸው ብቻ አንድ ነው። ሁለት ማሽኖች የተለያየ መልስ ሲሰጡሽ አንዱ ዋሸ ማለት አይደለም። የምታወዳድሪው ግን ሁልጊዜ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር፣ እዚያው ማሽን ላይ ነው። ማሽንን ከማሽን ማወዳደር ሌላ ጥያቄ ነው፣ አንቺም አልጠየቅሽውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አርም የሚባል አንድ ማሽን የለም። ፓይ 4 እና ፓይ 5 ሁለቱም አርም ናቸው። ፓይ 4 ግን ብዙ ኮሮች አንድን የሚሞሪ ቦታ ተራ ጠብቀው የሚቀይሩበትን አዲሱን አጭር መመሪያ አያውቅም። «አንብብ፣ ቀይር፣ ካልሆነ እንደገና ሞክር» እያለ ነው የሚሄደው። ፓይ 5 በአንድ መመሪያ ይጨርሰዋል። ብዙ ኮሮች ጎን ለጎን ምልክት የሚያደርጉበት ኮሌክተር ላይ ይህ ልዩነት ይታያል። ስለዚህ የሆነ ቦታ አሮጌ ፓይ 4 የቀረ ፋርማሲ ካለሽ፣ የፓይ 5 ውጤት ለእሱ አይበቃም። ለብቻው ይለካ።

አሁን ወደ ፓዩ ቁጥሮች። ሲደመር 3፣ ሲቀነስ 6፣ ዜሮ። እውነቱን ለመናገር ይህ የኮሌክተር ልኬት አይመስለኝም። የመብራት ልኬት ነው የሚመስለኝ።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ ማራኪ በተከራየሁት ክፍል ሁለት የኮሌክተር ቅንብሮችን ሳወዳድር አመሸሁ። አሮጌው መጀመሪያ፣ አዲሱ ቀጥሎ። አዲሱ ወደ 30 በመቶ ዘገየ። ደነገጥኩ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ለቡድናችን ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በሥዕላዊ መግለጫ ሁሉ አስጌጥኩት። ጠዋት ላይ አከራዬ «ማታ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት መብራት አልነበረም እኮ» አሉኝ። የላፕቶፔ ስክሪን ስላልጠፋ፣ እኔም ተመስጬ ስለነበር፣ ልብ አላልኩም። አሮጌው የተለካው መብራት እያለ ነው። አዲሱ የተለካው በባትሪ። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ጉልበቱን ይቆጥባል። ያ ሁሉ ደብዳቤ ስለ ባትሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤንችማርክ (የፍጥነት መለኪያ ሙከራ) ሳስኬድ፣ ከእያንዳንዱ ዙር ጎን ሰዓቱን፣ መብራት መኖር አለመኖሩንና የፕሮሰሰሩን ሙቀት አብሮ የሚጽፍ ትንሽ ስክሪፕት አለኝ። ሊኑክስ ይህንን ሁሉ ከፋይል ያነብልሻል። መብራት የተለዋወጠበትን ዙር ያለ ርኅራኄ እጥላለሁ።

ፓይ ባትሪ የለውም፣ ግን የባሰ አለው። ፓይ 5 ሙሉ ጉልበቱን ለማውጣት 5 ቮልት 5 አምፔር የሚሰጥ ባለ 27 ዋት ቻርጀር ነው የተሠራለት። እኛ ጋ በብዛት የሚሰካበት የስልክ ቻርጀር ነው። ሥራ ሲበዛበት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ፓዩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ልብ በይ፣ የሚቀንሰው ሥራ ሲበዛበት ነው። ቤንችማርክ ማለት ደግሞ ሥራ ማብዛት ነው። በተራው ቀን የማይታይ ችግር ልክ አንቺ ስትለኪ ይመጣል።

ሙቀቱም አለ። ፓይ ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ማዘግየት ይጀምራል። «ጎንደር እኮ ቀዝቃዛ ናት» ትይኝ ይሆናል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ስስ ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነን። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ሙቀት ይዞለት የሚሄደው አየር ያነሰ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው «ያለ ማራገቢያ ይበቃል» ብሎ የጻፈውን ምክር እንዳለ አትውሰጂ። ፓዩ ፋርማሲው ውስጥ ከመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ተወሽቆ ከሆነማ አልናገርም። ፓዩ ከተነሳ ጀምሮ ቮልቴጅ አንሶት ወይም ሞቆት እንደሆነ የሚናገር ትእዛዝ አለው። ከልኬቱ በፊትም በኋላም ጠይቂው። መልሱ ዜሮ ካልሆነ የዚያን ቀን ልኬት ጣይው።

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ፣ እሱም ሥራ ፈት ኮር ነው። የጎላንግ ኮሌክተር ምልክት በሚያደርግበት ሰዓት ካሉት ኮሮች 25 በመቶውን ለራሱ ይይዛል። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ኮር ካገኘ ደግሞ እሱንም ይጨምራል። ላፕቶፕሽ ባለ አራት ኮር ከሆነ ለሊኑክስ ስምንት ሆኖ ነው የሚታየው፤ ኮሌክተሩ ሁለት ይይዛል። ፓዩ አራት ነው፣ አንድ ይይዛል። ቤንችማርክሽ አንድ ጥያቄ ልኮ መልስ ጠብቆ ሌላ የሚልክ ከሆነ፣ ላፕቶፑ ላይ ብዙ ኮሮች ተኝተዋል። ኮሌክተሩ በነሱ ላይ በነፃ ይሠራል፣ ወጪው አይታይሽም። ፋርማሲው ውስጥ ጠዋት አራቱም ኮሮች ሲጠመዱ ግን ኮሌክተሩ የሚወስደው ከደንበኛው አፍ ነው። ስለዚህ ፓዩን ስትለኪ አራቱንም ኮር አስጨንቀሽ ለኪ። የጥምቀት ሰሞን ከተማዋ በእንግዳ ስትሞላ ያለውን ቀን አስመስዪ።

ስትጭኚውም አጫጫንሽን እይ። ብዙ የጭነት መሞከሪያዎች መልስ ሳያገኙ ቀጣዩን ጥያቄ አይልኩም። ሰርቨሩ ለግማሽ ሰከንድ ቢቆም እነሱም አብረው ይቆማሉ፣ ከዚያ «አንድ ሰው ብቻ ተጉላላ» ብለው ይጽፋሉ። እውነተኛው ፋርማሲ እንደዚያ አይደለም። ገንዘብ ተቀባይዋ ኮምፒውተር ፊት ለፊት ስትፈጥ ከኋላ ሰልፉ እየረዘመ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ መለሰም አልመለሰም በሰከንድ ይህን ያህል ጥያቄ የሚልክ መሣሪያ ተጠቀሚ። አማካዩንም ትተሽ ከመቶ ጥያቄዎች 99ኙ በስንት ጊዜ ውስጥ እንዳለቁ ተመልከቺ።

የሚሞሪ መጠንን ባጭሩ። ሁለቱ ማሽኖች ላይ ሰርቨሩ የሚይዘው ሚሞሪ ቢለያይ አትደንግጪ። የፓይ 5 መደበኛ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ሚሞሪን በ16 ኪሎባይት ገጽ ነው የሚቆጥረው፣ ላፕቶፑ በ4። ቁርጥራጩ ሲተልቅ ለሲስተሙ የሚመለሰው ሚሞሪ አካሄዱ ይቀየራል። ጎጂሲ የምትባለዋን ቅንብርም ሁለቱም ላይ እኩል አድርጊያት (ስሟ «ጎጂ» ቢመስልም አትጎዳም)። መደበኛዋ 100 ናት። በሕይወት ያለው ዳታ እጥፍ እስኪሆን ኮሌክተሩ ይጠብቃል ማለት ነው። አንዱ ማሽን ላይ ለሙከራ ቀይረሽ የረሳሽው ነገር ካለ ሁሉም ውጤት ዋጋ የለውም። በእኔ ደርሷል።

አሁን የአለካኩን ነገር። ሦስት ዙር አይበቃም። አይበቃም የምለው ለጥንቃቄ ያህል ብቻ አይደለም። ቤንችስታት የሚባለው የጎላንግ ማወዳደሪያ ውጤቶቹን በደረጃ ተራ አሰልፎ ነው የሚፈትነው። ሦስት አሮጌና ሦስት አዲስ ልኬት በ20 ዓይነት ይደረደራሉ። አዲሱ ሦስቱንም ጊዜ ቢያሸንፍ እንኳ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ መለያየት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ከ20 ሁለት ነው፣ 10 በመቶ። መሣሪያው የሚፈልገው ከ5 በመቶ በታች ነው። ሦስት ለሦስት አድርገሽ ምንም ብታደርጊ «ልዩነት አለ» ሊልሽ አይችልም። ቢያንስ 10 ዙር አድርጊው። ለፓይ 20 ብታደርጊው አይከፋም።

ዙሮቹንም አሮጌውን ጨርሰሽ ወደ አዲሱ አትሂጂ። አሮጌ፣ አዲስ፣ አዲስ፣ አሮጌ እያልሽ አፈራርቂያቸው። ሙቀቱም መብራቱም ሲለዋወጥ ሁለቱን እኩል እንዲነካ ነው። ላፕቶፕ ቀዝቃዛ ሳለ ለአጭር ጊዜ ይፈነጥዛል፣ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ይሄዳል፣ ሲሞቅ ሰከን ይላል። መጀመሪያ የተለካው ሁልጊዜ ያማረ ነው። ይህንን መፈንጠዝ ማጥፋት ይቻላል፣ አጥፊው። የፓዩ ዳታ ደግሞ ኤስዲ ካርድ ላይ ከሆነ፣ የሚጽፈውን ክፍል ከኮሌክተሩ ሙከራ አውጪው። ካርዱ ባሰኘው ሰዓት ይዘገያል፣ አንቺ ኮሌክተሩን ትረግሚያለሽ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም 1 ወይም 2 በመቶ ልዩነት ቢመጣ አታክብሪው፣ አታልቅሺለትም። ኮዱ ሚሞሪ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ሲንሸራተት ብቻ ያንን ያህል ሊለዋወጥ ይችላል። ግሪን ቲን ያጠፋሽበት ፋይልና ያላጠፋሽበት ፋይል በአቀማመጥ አንድ አይደሉም።

ወደ ውሳኔው ስንመጣ፣ እኔ ብሆን ወደ 1.26 እሻገራለሁ። የሲው መሻገሪያ መርከሱ ብቻውን ለኤስኪውላይት ተጠቃሚ በቂ ምክንያት ነው፣ እሱ ደግሞ ፓዩም ላይ ይሠራል። ግሪን ቲን ግን ፓዩ ላይ ካልጎዳ በቃኝ ብዬ ነው የምቀበለው። ለአለቃሽ ወይም ለደንበኞችሽ ሪፖርት ስትጽፊ «14 በመቶ» የሚለውን አታስገቢው። ፋርማሲው ሄዶ ሰዓት ይዞ የሚለካ ሰው አይጠፋም። የሁለቱን ማሽን ውጤት ለየብቻው ጻፊ፣ ከጎኑም ጂሲትሬስ ያሳየሽን የኮሌክተሩን ድርሻ አስቀምጪ።

ጎዳ ከተባለ ደግሞ፣ ማለትም በ20 ዙር፣ ባልሞቀ ፓይ ላይ፣ አራቱም ኮር ተጠምዶ ግሪን ቲ ያለበት ፋይል ጎልቶ ከዘገየ፣ ያኔ ነገሩ የምር ነው። ከላይ ያልኩት ባለ አንድ አንድ ሰው ሰፈር ሊሆን ይችላል። ብዙ ትልልቅ ማፕ (በቁልፍ የሚፈለግ የዳታ ማስቀመጫ) ውስጥ ተበታትነው የተቀመጡ ትንንሽ ኦብጀክቶች እንዳሉሽ እይ። መድኃኒቶቹን በፖይንተር ከመያዝ በአንድ ተከታታይ ስላይስ (ጎን ለጎን በተደረደረ ዝርዝር) ብታስቀምጫቸው የትኛውም ኮሌክተር ይመርቅሻል። ለጎላንግ ሠሪዎችም ሪፖርት አድርጊላቸው። ማጥፊያው ምርጫ ከመነሳቱ በፊት የሚሹት እንዲህ ያለውን መረጃ ነው።

የአንድ ሰኞ ጠዋት ጂሲትሬስና የፓዩን የሙቀት መዝገብ ብትልኪልኝ አብረን እናየዋለን። ከዚያ በፊት ግን የፓዩን ቻርጀር ቀይሪው።